ሱፉም ጋቢውም ልክ አለው

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለወጣቶች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተነሡትን ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።)

ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ወንበር ሞልቷል።

ኮት የለበሳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጎሽ። አሁን የኮታችሁን ጀርባ፣ ከታች በኩል ያለውን ስንጥቅ ዳብሱት። ተሻግሮ የተሰፋ ወፍራም ክር ያገኘ አለ? (ሳቅ።) አትፈሩ፣ ብዙ ናችሁ። ያ ክር ጌጥ አይደለም። ኮቱ በመንገድ ሲጫንና ሲወርድ ስንጥቁ እንዳይጣመም ፋብሪካው ለጊዜው የወጋው ነው። ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ በመቀስ ጫፍ በጠስ ማድረግ ነው። እጅጌው ላይ የተሰፋችው ጽሑፍ ያለባት ቁራጭ ጨርቅም እንደዚያው ናት። እሷ መደርደሪያ ላይ ላለ ልብስ ነው የተሠራችው። ሠርግ ላይ ሚዜው እጁን ከፍ አድርጎ ሲጨፍር “ሱፐር 120” የሚል ጽሑፍ እጅጌው ላይ ሲውለበለብ ሳይ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና፣ መቀሴን ይዤ ልግባ ልግባ ይለኛል።

የጋበዙኝ ልጆች “ዘመናዊ ወንድ እንዴት ይልበስ፣ ጺሙንና ፀጉሩንስ እንዴት ይያዝ፣ እሱን ንገረን” አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ከመጀመሬ በፊት የማምንበትን ልንገራችሁ። ጥሩ አለባበስ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ልክና ሥርዓት ይጠይቃል። ይህንን ደግሞ አባቶቻችሁ አሳምረው ያውቁት ነበር። መሀል ላይ የጣልነው እኛ ነን።

የጎጃምን ቁምጣ እንውሰድ። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣን ሰው ቁምጣ ስለለበሰ የሚስቅበት የከተማ ልጅ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል። እስቲ ያንን ልብስ በልብስ ሰፊ ዓይን እዩት። ጨርቁ አረንጓዴ ጠንካራ ጥጥ ነው። ቁምጣውም ኮቱም ከአንዱ ጨርቅ ይቆረጣል። ልኩን የሚወስደው ገበያ ዳር ሲንጀሩን ተክሎ የተቀመጠ ሰፊ ነው፤ ሰውየው እዚያው ቆሞ እየተለካ፣ እየተጨቃጨቀ ያሰፋል። ኪሱና ጠርዙ ላይ በክር ያስጌጥለታል። ላዩ ላይ ጋቢ ይጣፋል፤ ዱላው ትከሻ ላይ ይጋደማል። ለመሆኑ ሱፍ የምትሉት ልብስ ምንድን ነው? ከአንድ ጨርቅ የተቆረጠ ኮትና ሱሪ፣ በሰውየው ልክ የተሰፋ። እንግዲያው ያ የምትስቁበት ገበሬ ከብዙዎቻችሁ የበለጠ ሱፍ ለባሽ ነው። የእሱ በልኩ ተሰፍቷል፤ የእናንተ ከመደርደሪያ ወርዷል። ጉልበቱ ባዶ የሆነውም አለምክንያት አይደለም። በሐምሌ ጭቃ ከበሬ ኋላ የሚውል ሰው ረጅም ሱሪ ቢለብስ፣ እርሻውን ጠቅልሎ ወደ ቤት ይዞት ነው የሚገባው።

አለባበሱ ደግሞ ከልብሱ ይበልጣል። ኩታም ሆነ ጋቢ ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው፣ ኮሌታ የለው። ግን ያው አንድ ጨርቅ እንደ አጣፋፉ ብዙ ነገር ይናገራል። ሹም ወይም ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ኩታውን ከትከሻው አውርዶ፣ አደግድጎ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ያጣፋል። ለቅሶ ላይ ጥለቱ ይዘቀዘቃል። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሰው ከየት እንደሚመጣ ሳትጠይቁት ከትከሻው ላይ ታነባላችሁ፤ “እግዚአብሔር ያጽናህ” ልትሉት ይገባ እንደሆነ ገና ሳይደርስባችሁ ታውቃላችሁ። የኮት ቁልፍ ሥርዓት ከዚህ ጋር ሲተያይ የሕፃን ጨዋታ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረዋቸው ከሄዱት መኳንንት አንዱ የኛው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የዚያን ጉዞ ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ፤ ስልካችሁ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ፈረንጆቹ ጥቁር ኮትና ረጅም ባርኔጣ አድርገው ቆመዋል። የኛዎቹ በነጭ ልብሳቸውና በጥቁር ካባቸው መሀላቸው ቆመዋል። አነሱ? ምንም! ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ልካቸው ነው፤ ያውቁበታል። የቱን እንደለበሱ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደቆሙበት ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሱፉ።

ዛሬ የምንለብሰውን የወንድ ልብስ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ እንግሊዛዊ አለ። ቦ ብራመል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1778 ተወልዶ በ1840 የሞተ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ባላባት ሐር፣ ዳንቴልና ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ፀጉር ነበር የሚያበዛው። ይሄ ሰውዬ መጣና ሁሉንም ጣለው። በደንብ የተቆረጠ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ጸዓዳ ሸሚዝ፣ በሥርዓት የታሰረ ነጭ ያንገት ጨርቅ፣ በቃ። በየቀኑ ይታጠብ ነበር፤ በየቀኑ ይላጭ ነበር፤ ያ ለዘመኑ ጉድ ነበር። በኋላ ንጉሥ የሆነው ልዑል ወዳጁ ነበር፤ ሲለብስ ሊያየው ይመጣ ነበር ይባላል። መጨረሻው ግን አያምርም። በቁማርና በዕዳ ተዘፍቆ እ.ኤ.አ. በ1816 ወደ ፈረንሳይ ሸሸ፤ እዚያው በድህነት ሞተ። ይህንን የማወራው ተበድራችሁ ሱፍ እንዳትገዙ ነው። ተውሳችሁም እንዳትለብሱ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ለፎቶ ብሎ የሰው ኮት የለበሰ ሰው እኮ በፎቶው ላይ ሁልጊዜ ያስታውቃል፤ እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል።

ስለዚህ ልክ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ያዙልኝ።

ኮት ስትሞክሩ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። የእጅጌው ስፌት የትከሻ አጥንታችሁ የሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ አልፎ ከወረደ ኮቱ የታላቅ ወንድማችሁ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ የታናሻችሁ ነው። ትከሻው ካልሆነ ዋጋው ቢያጓጓም ተውት። እጅጌ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ሱሪ መቁረጥ ለሰፊ ቀላል ሥራ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ትከሻ ግን ኮቱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው፤ እኔ ራሴ ሰው ሲያመጣልኝ “ሌላ ይግዙ፣ ይሻልዎታል” እላለሁ። ከትከሻው ቀጥሎ ቆልፉና መስታወት ፊት ቁሙ። ቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ ወዲያና ወዲህ ከተሳሳበ ጠቧል። ከዚያ ሰው ከኋላ ያይላችሁ፤ የኮቱ ኮሌታ ከሸሚዛችሁ ኮሌታ ተለያይቶ ክፍተት ካለ ጀርባው አልገጠመም። እጅጌው የሸሚዙን አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ያሳይ። ሱሪው ጫማው ላይ አንዴ እጥፍ ብሎ ይረፍ። ተረከዝ ላይ ተቆልሎ መሬት የሚጠርግ ሱሪ አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን የለም፤ ሚስቴ “ተው፣ የሰው ሱሪ አትይ” ትለኛለች።

ቁልፍን በተመለከተ አጭር ነው። ባለ ሁለት ቁልፍ ከሆነ የላይኛውን ብቻ። ባለ ሦስት ከሆነ የመሀሉን፤ ከፈለጋችሁ የላዩንም። የታችኛው አይቆለፍም። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሆዳቸው ገፍቶ የታችኛው ቁልፍ እምቢ ስላላቸው ነው የተጀመረው ይላሉ፤ ወሬ ይሁን እውነት፣ ዛሬ ኮቶቹ የሚቆረጡት ያ ቁልፍ እንደማይቆለፍ ታስቦ ነው። ስትቀመጡ ፍቱት፤ ስትነሡ ቆልፉት።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ፣ “ሱፐር 100”፣ “ሱፐር 120” የሚለው ቁጥር ስለ በጉ ፀጉር ቅጥነት ነው የሚናገረው። በዓለም አቀፉ የሱፍ ድርጅት ስምምነት ሱፐር 100 ማለት ፀጉሩ ከ18.75 ማይክሮን የማይወፍር፣ ሱፐር 120 ደግሞ ከ17.75 የማይወፍር ማለት ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ጨርቁ ይለሰልሳል፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይጨማደዳል። አንድ ሱፍ ብቻ ላለው ሰው ከ100ው ብዙ ከፍ ማለት ራስን መጉዳት ነው። ሌላው ችግር ጽሑፉ ራሱ መዋሸቱ ነው። ፖሊስተር ላይ ሱፐር 150 ተጽፎበት አይቻለሁ። እውነቱን ለማወቅ ከገዛችሁ በኋላ ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ላይ አንድ ክር መዘዙና በክብሪት አቃጥሉት። እውነተኛ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፤ ጫፉ ላይ ጠጣር ነጠብጣብ ይሠራል። ሱቁ ውስጥ ግን አታቃጥሉ፤ እኔን ጠርተው ይከሱኛል። (ሳቅ።)

ክብደቱም ይታሰብበት። እኛ እዚህ ደብረ ማርቆስ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ላይ ናት። ማታ ማታ እዚህ የሚያሞቃችሁ ወፍራም ኮት ጣና ዳር ቀን ላይ ያፍናችኋል። በሜትር 300 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነው ለኛ ብርድ ጥሩ ነው፤ ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው ወደ 250ው ይቅረብ። አዲስ አበባ ለመሄድ ዓባይ በረሃን የምትወርዱ ደግሞ ደጀን ላይ ኮታችሁን አውልቁ። አንዱን ትከሻ ወደ ውስጥ ገልብጡና ሌላውን ትከሻ እሱ ውስጥ ክተቱት፤ ገበሩ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከዚያ ለሁለት አጥፋችሁ ጭናችሁ ላይ። ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ሳይጨማደድ መልሳችሁ ትለብሱታላችሁ።

ስለ ኮት ሆድ ዕቃም ልንገራችሁ። በላዩ ጨርቅና በገበሩ መሀል ደረቱን የሚያቆም ማጠንከሪያ አለ። በድሮው አሠራር የፈረስ ፀጉር የተቀላቀለበት ሸራ ነው፤ በእጅ ይሰፋል፤ እየተለበሰ ሲሄድ የሰውየውን ደረት ይመስላል። ርካሹ አሠራር በሙጫ ማጣበቅ ነው። ውጭውን ስታዩት ልዩነቱ አይታወቅም፤ ውስጡን ለቄስ። ሙጫው ግን ዝናብ ሲነካውና ካውያ ሲደጋገምበት ይለቅና ደረቱ ላይ ጉብ ጉብ ይሠራል። መለያው እንዲህ ነው። ከታችኛው ቁልፍ ቀዳዳ በታች የላዩን ጨርቅ በሁለት ጣት ያዙ፤ ገበሩን በሌላ እጃችሁ ያዙና ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ለዩአቸው። መሀል ላይ ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ከተሰማችሁ ሸራ አለው። ሰልባጅ ተራ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ኮት ይወድቃል፤ ሻጩም አያውቀውም። ትከሻው ከሆነላችሁ አትለፉት። ሰልባጅ መልበስ ያሳፍራል የሚል ካለ ይሄኔ የራሱ ኮት ደረቱ ላይ አብጧል።

ቀለም? የመጀመሪያ ሱፋችሁ ጥቁር አይሁን። ጥቁር እኛ ጋ የለቅሶ ነው፤ ቀን ብርሃን ላይ ደግሞ አቧራውን ሁሉ ያሳያል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ይሁን። ለቃለ መጠይቅም፣ ለሠርግም፣ ሽምግልና ለመላክም ይሆናል።

ከረባት ታስሮ ምስማር ላይ የሚሰቀልበት ቤት ብዙ ነው። አንዱ ወዳጁ አስሮለት ዓመት ሙሉ እያጠለቀ የሚያወልቀው አለ! ጥሩ ከረባት የሚቆረጠው ጨርቁ አግድም ሰያፍ ተደርጎ ነው፤ ጄሲ ላንግስዶርፍ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሦስት ቁራጭ የሚሰፋበትን ዘዴ ያስመዘገበው ለዚህ ነው። በሰያፍ ስለተቆረጠ ሲታሰር ይሳባል፤ ሲፈታ ወደ ቦታው ይመለሳል። ካልፈታችሁት አይመለስም። ጫፉ ቀበቶው ላይ ይድረስ፤ ከዚያ በላይ ካጠረ ሆድ ያሳብቃል።

ጫማ ላይ ቆም ልበል፤ ጎጃም ውስጥ የጫማ ነገር ከመዘነጥ ያለፈ ነውና።

ዝሆኔ የያዘው እግር ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ሰው እርግማን ወይም የዘር በሽታ ይለዋል፤ ቤተሰቡን ያገልሉታል፤ ልጅ አይሰጡትም፣ ከልጁም አይጋቡም። በኛ ደጋ አገር በብዛት የሚታየው ዓይነት ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራው ቀይ አፈራችን ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነገሮች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ለዓመታት እየገቡ፣ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች እየጎዱ የሚያመጡት ነው። መከላከያው ምንድን ነው? ጫማ፣ እና እግርን በሳሙናና በውኃ መታጠብ። በቃ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙን ከገጠር ያመጣ ሰው ለራሱ ሁለተኛ ከረባት ከመግዛቱ በፊት ለልጁ የተዘጋ ጫማ ይግዛ። እግሩ የታመመ ዘመድ ያለውም ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ ገና በጊዜው ከተያዘ እጥበቱ፣ ቅባቱና ጫማው ብዙ ያሻሽለዋል።

የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ሁለት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ በየተራ ይለብሳል፤ የእግሩ ላብ ይደርቅለታል። ክረምት ላይ የረጠበ ጫማ ምድጃ ዳር አይደረግም፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ሊስትሮ ስታስጠርጉ ደግሞ ልጁን አታጣድፉት። መጀመሪያ ጭቃው በደንብ ይውጣ፤ ከዚያ ቀለሙ ስስ ሆኖ ይቀባ፣ ትንሽ ይጠጣ፣ ከዚያ ይቦረሽ። ብዙዎቻችሁ ጭቃው ላይ ቀለም እያስለቀለቃችሁ ነው የምትሄዱት። ኪዊ የምትሉት ቀለም እ.ኤ.አ. በ1906 ሜልቦርን ውስጥ ነው የተጀመረው፤ ያን ጊዜ ጀምሮ የተቀየረ ነገር የለም፤ ሰሙን ቆዳው ውስጥ የሚያስገባው የእጅ ጉልበት ነው። ልጁን ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት፤ ሁለት ብርም ጨምሩለት።

ወደ ፀጉርና ጺም።

በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ጊዜ የጎጃም አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው ዱር ገብተው ነበር። ጎፈሬ ዝም ብሎ የተተወ ፀጉር አይደለም፤ በሚዶ ይበጠራል፣ ቅቤ ይጠጣል፣ ቅርጽ ይይዛል። ዘመድ የሞተበት ሰው ደግሞ ጺሙን ሳይላጭ ይሰነብታል፤ እስከ አርባው የሚያቆየው አለ። እና ጺምና ፀጉርም ቋንቋ ነበራቸው። የዛሬ ወጣት ጺም ሲያሳድግ “ምን ሆነህ ነው” ብላ እናቱ የምትደነግጠው ለዚህ ነው።

ጺም ይዤ ልታይ ያለ ይያዝ፣ ግን ድንበር ያብጅለት። ከማንቁርቱ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ የአንገቱ መስመር ይለቅ፤ ከዚያ በታች ያለው ይላጭ። መስመሩን አገጭ ላይ ድረስ ካወጡት ደግሞ ጺሙ ተለጣፊ ይመስላል።

መላጨት የሚወድ፣ ስሙኝ። ብዙዎቻችሁ አንገታችሁ ላይ ሽፍታ አለ፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ምክንያቱ ቆሻሻ ምላጭ ብቻ አይደለም። ፀጉራችን ጥቅልል ነው። በጣም ጠልቆ ሲላጭ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀራል፤ ሲያድግ ይጠማዘዝና ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ ባዕድ ይቆጥረውና ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይመግላል። መድኃኒቱ ጠልቆ አለመላጨት ነው። ፊታችሁን በሞቀ ውኃ ታጠቡ፤ ትንሽ ይለስልስ። ሳሙናውን በብሩሽ በደንብ አረፋ አድርጉትና ቀቡ። ከዚያ ምላጩን ጺሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ንዱት። ወደ ላይ አትመልሱት። ቆዳችሁን በእጃችሁ አትወጥሩ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አትመላለሱ። ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባችሁ፣ ሸብ ያለው ሸብ ያድርግ፣ ከዚያ ትንሽ ቫዝሊን። ያ ከተላጫችሁ በኋላ የምትቀቡት የሚያቃጥል ሽቶ ጀርሞችን ቢገድልም የተላጨ ቆዳችሁን ያደርቀዋል፤ ማቃጠሉ የመሥራቱ ምልክት አይደለም። ሽፍታው ከጠናባችሁ ምላጩን ለጥቂት ሳምንት ተዉትና በቶንዶስ ትንሽ አስቀርታችሁ አሳጥሩ።

ፀጉር ቤት ስትገቡ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ ዓይናችሁ ይይ። ሳይታይ የተገጠመ ምላጭ አንገታችሁን አይንካ። የጉበት ቫይረስ በእንዲህ ያለ መንገድ ይተላለፋል፤ ይሉኝታ ደግሞ ጉበት አያድንም። ቶንዶሱም በአልኮል ይጠረግ፤ ጭርት ከዚያ ነው የሚመጣው። ጨዋ ፀጉር አስተካካይ ስትጠይቁት አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ሌላው በር ክፍት ነው።

ሽቶ፦ ከእናንተ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሽቶ በዝቷል። መፋቂያ፦ የወይራ መፋቂያ አፉ ላይ አድርጎ የሚሄደውን ሽማግሌ አትናቁት፤ ጥርሱን ቁጠሩለት። በብሩሽም በመፋቂያም፣ ማታም ጠዋትም።

የመጨረሻው ነጭ ልብስ ነው። ጋቢያችሁን በበረኪና የምትዘፈዝፉ ሰዎች፣ ተዉ! በረኪና ጥጡን ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፤ ጥለቱንም ያነጣዋል። እናቶቻችን በእንዶድ ነበር የሚያጥቡት። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያወቁት። ልብስ አጠባ ሳይንስ ወለደ ማለት ነው። እንዶድ ያጣ ለስላሳ ሳሙና ይጠቀም፤ ሳይጠመዝዝ ጨምቆ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ ያድርቅ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ርጥቡን ገመድ ላይ ብትሰቅሉት በራሱ ክብደት ይለጠጥና ቅርጹ ይጠፋል።

እሺ፣ ጥያቄ።

(አንድ ወጣት፦ “ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ይበሉ እንጂ፣ እኔ ዘንድሮ ነው የምመረቀው፤ ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃኝ። ምን ልግዛ?”)

ጫማ ግዛ። ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ የቆዳ። ከተረፈህ ነጭ ሸሚዝ፤ አንገቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ፣ ከዚያ በላይ የማይሰፋ። ያለህን ሱሪ ደግሞ አምጣው፣ አሳጥሬ እተኩስልሃለሁ። ሱፉ ይደርሳል፤ ደመወዝ ስታገኝ ጨርቁን ገዝተህ ና። የባሕር ዳር ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጨርቅ ሲያመርት የኖረበት አገር ልጅ ሆነህ፣ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ተቋም ያለው ዩኒቨርሲቲ አጠገብህ እያለ፣ ልብስ በልክ ማሰፋት የሀብታም ነገር አይምሰልህ። ብዙ ጊዜ ከውጭ ከመጣው የተዘጋጀ ሱፍ ጋር ዋጋው አይራራቅም።

(ሌላ፦ “ሰርጌ ላይ ሱፍ ልልበስ ወይስ ያገር ልብስ? ቤተሰብ ተጣልቷል።”)

(ሳቅ።) የተጣሉትን አስታርቅ። ቤተ ክርስቲያን ያገር ልብስ፣ አዳራሽ ሱፍ፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ብቻ ያገር ልብሱን እንደ ቲያትር ልብስ በተከራየኸው ቀን ብቻ አትልበሰው፤ ቀድመህ ለብሰህ ተለማመደው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይገባዋል፤ ፈረሱም ሰውየውም አጊጠው ሲመጡ አንዱም ልብሱን እየጎተተ የሚያስተካክል የለም።

(አንድ አባት ከኋላ፦ “ልጄ፣ እኔ ኮቴ ላይ ጋቢ ነው የምደርበው። ያንን ነውር ነው አልክ?”)

ኧረ አባባ፣ በጭራሽ! እንዲያውም ከሁላችንም እርስዎ ነዎት የበለጡት። ማታ ማታ የዚህን ከተማ ብርድ የሚያውቅ ሌላ ምን ይደርባል? ብቻ ልጆቹ ይስሙኝ፤ ጋቢ ኮት ላይ ሲደረብ በሁለቱ ትከሻ ላይ ሙሉውን ይውደቅ፣ አንዱ ጫፍ በደረት አልፎ ወደ ግራ ትከሻ ይመለስ። አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሻርፕ የሚንጠለጠለው ኮቱንም ጋቢውንም ያበላሻል። ደግሞ ጋቢ የሚደርብ ሰው የኮቱን የደረት ኪስ ባዶ ያድርግ፤ እስክሪብቶ ተሰክቶ ከቀረ ጥጡን ይወጋዋል፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ እንዶድም አያወጣው።